ሠላሳ ስምንት ተኩል

በ2080 ዓ.ም. አዳማ ላይ «እንደምን አደርክ» ለሚል ሰው የሚሰጠው መልስ ቁጥር ነበር። «ሠላሳ ስምንት ነጥብ አራት፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል አንዱ። «እኔ ሠላሳ ስምንት ነጥብ ስድስት» ይላል ሌላው፣ ትንሽ ኩራት ቢጤ እየቃጣው። ሠላሳ ሰባት የሚል ከተገኘ ወይ ነፍሰ ጡር ሴት ናት ወይ ክኒኑን እየደበቀ የሚጥል ዋልጌ ነው፤ ከሁለቱም ሰው ፈንጠር ብሎ ይቆማል።

ክኒኑን መንግሥት «የሙቀት መጠበቂያ» ይለዋል። ሕዝቡ ግን «ከሰል» ብሎ ስም አውጥቶለታል። ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ። እናት ልጇን ስትሸኝ «ከሰልህን ዋጥክ?» ትላለች። ትምህርት ቤቱ የሁለት ሰዓት ነው፤ ከዚያ በላይ ሲቆዩ ሕፃናቱ ጠረጴዛው ላይ ይደፋሉ። ፍርድ ቤት ከቀትር በኋላ የተሰጠ ምስክርነት አይቀበልም፤ ከቀትር በኋላ ሰው ያየውንና የቃዠውን አይለይማ። ሠርግ ላይ የሚጨፍር የለም፣ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ያጨበጭባል። አንድ ሰው በሃምሳ ዓመቱ ልቡ ቀጥ ቢል ለቀስተኛው «ዕድሜ ጠግቧል» ይላል። አገሩ በሙሉ ትኩሳት ላይ ከዋለ ሃያ ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ ወጣቶቹ ደግሞ ትኩሳት የሚባለው ነገር በሽታ እንደነበረ ሲነገራቸው ይስቃሉ።

ይህ ሁሉ ስለ ሻጋታው ነው። ሻጋታው ሳንባ ውስጥ ይበቅላል። ድሮ የሚገድሉት መድኃኒቶች ነበሩ፤ ግን የእነሱን ዘመዶች ለስንዴና ለአበባ ፀረ ሻጋታ ብለው በየማሳው ሲረጯቸው ከረሙና ሻጋታው ለመዳቸው። በሽተኛው ላይ ሲደርሱ ውሃ ሆነው ደረሱ።

ትኩሳቱን ያመጣችው ዶክተር ኤልዳና ሙላት ነበረች። በ2054 ዓ.ም. የሠላሳ ሁለት ዓመት ተመራማሪ ሳለች አንድ አጭር ጽሑፍ ጻፈች። ፈንገስ ሙቀት አይወድም፤ የሰው ልጅ ከዕፅዋትና ከነፍሳት ይልቅ ከፈንገስ የተረፈው ደሙ ሙቅ ስለሆነ ነው። ምድር ስትሞቅ ግን ሻጋታዎቹም ሙቀት ለመዱና የሰው ገላ ላይ ደረሱ። እንግዲያው፣ አለች ኤልዳና፣ ሰው ግማሽ ዲግሪ ከፍ ብሎ ይጠብቃቸው። አገሩ ከፍ አለ፣ ሠላሳ ሰባት ተኩል። በዓመቱ የሚሞተው ሰው በግማሽ ቀነሰ። ሬዲዮው «የሙቀት እናት» አላት፤ አዳማ ላይ ብሔራዊ የሻጋታ ምርመራ ቤት ተሠርቶ እሷ ኃላፊው ሆነች።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ደግሞ ከፍ ተብሏል። የሚሞተው ሰው መልሶ እየጨመረ ሲመጣ፣ ሕዝቡ ከሰሉን እያጭበረበረ ነው ተባለና ዝቅተኛው የሰው ሙቀት ሠላሳ ስምንት ሆነ። ኋላም ሠላሳ ስምንት ተኩል። የአብዬን ወደ እምዬ ማለት እንዲህ ነው፤ ያን ጊዜ ግን ማንም፣ ኤልዳናም ራሷ፣ እንዲያ አላሰበም።

በታኅሣሥ አጋማሽ አንድ ሰኞ ጠዋት ልጇ ዘነበች ከሥራ በፊት መጣች። ዘነበች ሃያ አምስት ዓመቷ ነው፣ የአንደኛ ክፍል አስተማሪ። የዘመኑ ወላጅ ወደ አያቶቹ ስም ተመልሶ ነበርና የኤልዳና ልጅ ዘነበች ተባለች። ባሏ ሮባ የጭነት ባቡር ይነዳል፤ በወር ዐሥር ቀን ነው ቤቱ የሚያድረው። ዘነበች ጫማዋን ሳታወልቅ በሩ ላይ ቆመች።

«እማዬ፣ ልበርድ ነው።»

በዚያ ዘመን ሴት አረገዝኩ አትልም። እልል ልትል ኤልዳና አፏን ከፈተች፤ ትኩሳቱ ትንፋሽ ስለሚነሣ እልልታዋ ገና ሳይጋጋል ተቆረጠ። ልጇን አቅፋ ሳቀች።

«ስንት ሆነሽ?»

«ሁለት ወር ሊሞላኝ ነው። ሮባ ገና አልሰማም። አንቺ ፈቃዱን ስትፈርሚ ነው የምነግረው ብያለሁ፣ እንዳታሟርቺብኝ።»

ትኩሳት ላይ የተፀነሰ ልጅ፣ እናቱ ሦስተኛ ወሯን ሳትጨርስ ካልበረደች፣ ወይ ይጨነግፋል ወይ «ዝምተኛ» ሆኖ ይወለዳል። ዝምተኞች ይበላሉ፣ ያድጋሉ፣ ስማቸው ሲጠራ ግን ዘወር አይሉም። ስለዚህ ነፍሰ ጡር ከሰሏን አቁማ፣ ከአሰላ በላይ ጭላሎ ተራራ ግርጌ ወደ ተሠራው ብርድ ቤት ትወጣለች። እዚያ አየሩ ተጣርቶ ይገባል፤ በሠላሳ ሰባት ዲግሪ ተኝታ፣ በልታ፣ ወልዳ ትመለሳለች። ከመውጣቷ በፊት አፍንጫዋ በጥጥ ተጠርጎ ምርመራ ቤት ይታያል፣ ንጹሕ ከሆነች ፈቃድ ይሰጣታል። ፈቃዱ ላይ የሚፈርመው ኃላፊው ነው። ኤልዳና እስከዚያ ቀን ከዐሥር ሺህ በላይ ፈርማለች።

«የልጅ ልጄን ፈቃድ ፈርሜ ጡረታ ልወጣ!» አለች። ጡረታዋ ሁለት ወር ቀርቶት ነበር።

በዚያ ሳምንት ምርመራ ቤቱ ውስጥ የርክክብ ቆጠራ ይካሄድ ነበር። ቆጠራውን የያዘው ፈይሳ ነው፣ ሃያ ዓመት አብሯት የሠራ ቴክኒሻን፣ ዝም ብሎ ሥራውን የሚሠራ የአርሲ ሰው። ደንቡ መጋዘን ውስጥ ያለ ነገር ሁሉ ተቆጥሮ «ሕያው» ወይም «ሙት» ተብሎ ይመዝገብ ይላል። ፈይሳ ከአሮጌ ማቀዝቀዣ ኋላ አንዲት የእንጨት ሳጥን አገኘ። ውስጧ አምስት የታሸጉ ብልቃጦች፣ በእያንዳንዱ ግርጌ የደረቀ ነጭ ዱቄት።

«ዶክተር፣ ይሄ ጽሕፈት የእርስዎ አይደለም እንዴ?»

ሳጥኗ ላይ የተለጠፈው ወረቀት «አውራ፣ የመጀመሪያው፣ ኅዳር 2054» ይላል።

«የኔ ነው። ያኔ ቆንጆ እጽፍ ነበር።»

«እናቃጥለው?»

«ሕያው ወይስ ሙት ብለህ ልትሞላ ነው? አብቅለን እንየው እንጂ።»

አውራ የሚሉት የምርመራ ቤቱን መለኪያ ነው። በየወሩ ከየሆስፒታሉ ከበሽተኞች የተወሰደ ሻጋታ ይመጣል። እሱንና አውራውን ጎን ለጎን ሳህን ላይ ዘርተው ኢንኩቤተር የሚሉት ማሞቂያ ሳጥን ውስጥ ይከታሉ። የመጣው ሻጋታ ከአውራው ሰፍቶ ከበቀለ ሙቀት እየለመደ ነው ማለት ነው፣ ደወል ይደወላል። ካልበለጠ ትኩሳቱ ሥራውን እየሠራ ነው። የአንዲት ነፍሰ ጡር አፍንጫም የሚለካው በዚሁ በአውራው ነው። አውራውን ሕያው አድርጎ ለማቆየት በየወሩ ከአሮጌው ሳህን ቆንጥረው ወደ አዲስ ሳህን ያዛውሩታል። ኢንኩቤተሩም «የሰው ገላ የሚሞቀውን ያህል ይሙቅ» ይላል ደንቡ፤ ሰው ከፍ ሲል ኢንኩቤተሩም ከፍ ይላል። በሃያ ስድስት ዓመት ሦስት መቶ ዐሥራ ሁለት ሪፖርት ወጥቷል፣ ሁሉም «ከአውራው አልበለጠም» ይላሉ። ደወሉ አንድም ቀን አልተደወለም።

ኤልዳና አንዱን ብልቃጥ ሰብራ ዱቄቱን ሁለት ሳህን ላይ ዘራችው። አንዱን ሠላሳ ስምንት ተኩል ውስጥ ከተተች፣ ሌላውን በወጣትነቷ ልማድ ሠላሳ ሰባት ውስጥ። በሳምንቱ ፈይሳ ሁለቱንም አውጥቶ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠ።

«ሙት ብዬ ልሙላ?» አለ የመጀመሪያውን እያሳያት። ባዶ ነበር።

«ሁለተኛውስ?»

ሁለተኛው ላይ አውራ ጣት ጥፍር የምታህል ነጭ ነገር በቅላለች።

«በቅሏል'ኮ» አለች። «እንዴት ይሞታል?»

«እንግዲያ ሠላሳ ስምንት ተኩሉ ገደለው።»

«ሠላሳ ስምንት ተኩል አውራውን አይገድለውም» አለች ኤልዳና። «በየወሩ እዚያው ውስጥ ነው የምናበቅለው።»

ወዲያው ተነሥታ የዛሬውን አውራ ሠላሳ ሰባት ውስጥ ዘራች። የመጀመሪያው በሳምንት ጥፍር ያከለበትን ሳህን፣ የዛሬው በሁለት ቀን ሞልቶ ክዳኑ ላይ ወጣ። ደገመችው፣ ያው ሆነ። ሦስተኛ ብልቃጥ ሰበረች፣ ያው።

እርሾ ከድፍድፍ ድፍድፍ ሲሻገር ዓመት ከቆየ ስሙ እንጂ እርሾው ያ አይደለም። አውራውም ሃያ ስድስት ዓመት ከሳህን ሳህን ሲሻገር፣ ኢንኩቤተሩ በሞቀ ቁጥር ሙቀቱን የቻለው ብቻ እየተረፈ፣ አብሮ ከፍ ብሏል። ውጭ በሰው ሳንባ ውስጥ ያለውም እንደዚያው። ልጅ በየልደቱ ቁመቱን ከሚያድግ ችግኝ ጋር ቢለካ አልረዘምኩም ማለቱ አይቀርም። ነገሩ ይህን ያህል ተራ ነበር፤ ይህን ሊያዩ የሚችሉት ሰዎች ደግሞ ደንቡን የጻፉት ራሳቸው ናቸው፣ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

ኤልዳና ወለሉ ላይ ተቀመጠች። መጀመሪያ የተሰማት ፍርሃት አይደለም፣ ሐፍረት ነው። ተማሪ ሳለች እንዲህ ያለ ስሕተት ያገኘችበትን ሰው በሰው ፊት ታዋርደው ነበር። ሻጋታውን ከሰው ገላ ላይ ያባረረችው መስሏት በግማሽ ግማሽ ዲግሪ ደረጃ ሠርታ ስታወጣው ኖራለች። ሠላሳ ስምንት ተኩልን የለመደ ሻጋታ ሠላሳ ሰባት ዲግሪ የሆነ ገላ ሲያገኝ ምን እንደሚያደርገው ሳህኑ ላይ ታየ።

ሠላሳ ሰባት ዲግሪ ማለት ብርድ ቤት ነው። የብርድ ቤቶቹን መዝገብ አስመጣች። አምና ከወጡት ሴቶች ከሰባቱ አንዷ አልተመለሰችም። የሞት ምክንያቱ «ልብ፣ ከሙቀት ወደ ብርድ በመሻገር» ይላል። ሳንባቸውን ያየ የለም፤ ንጹሕ ናቸው ተብሎ ተፈርሞላቸዋልና። ፊርማው የእሷ ነው። ከነሱ ቀጥሎ ዘነበች ናት፣ ብርድ ቤት ልትገባ ዐሥራ አንድ ቀን ቀርቷታል።

በማግስቱ ጠዋት በሦስት ሰዓት፣ ሰው አእምሮው ገና ሳይናውዝ፣ ከሰሉን የሚያዘው የሙቀት ባለሥልጣን ኃላፊ ዘንድ ሄደች። አቶ ናሆም ጸጋዬ በአንድ ወቅት ተማሪዋ ነበር። ሳህኖቹን ደርድራ አሳየችው። ጎበዝ ተማሪ ስለነበር ሁለቴ አላስረዳችውም። ጨው ያለበት ውሃውን ጠጥቶ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«እንጨምር?»

«ብንጨምር ሠላሳ ዘጠኝን እናስተምረዋለን። ሽማግሌና ሕፃን ደግሞ አይችሉትም።»

«እንቀንስ?»

«በአንድ ክረምት ይጨርሰናል።»

«ባለንበት ብንቆይስ?»

«ባለንበትም እየለመደ ነው። ቀስ ብሎ።»

«ስንት ዓመት?»

«ዐሥር። ምናልባት ዐሥራ ሁለት።»

ናሆም ሳህኖቹን ወደ እሷ መለሰላት። «ዶክተር፣ ለሰዉ ምን ብዬ ልንገረው?»

«እውነቱን ነዋ።»

«እውነቱን ነገ ብናገር ግማሹ ሕዝብ ከሰሉን ይተፋዋል። ከተፋው ደግሞ እርስዎ እንዳሉት ነው፣ ለመስከረም ቀባሪ አይተርፍም። እውነቱን ሰምቶ የሚያደርገው ነገር ያለው ሰው አንድ ይጥሩልኝና አሁኑኑ ሬዲዮ ጣቢያ እንሂድ።»

«ብርድ ቤቶቹንስ?»

«ብዘጋቸው የት ይውለዱ?»

ልትጮህበት ነበር የመጣችው። የምትጮኸው ነገር አጣች። ወደፊት ገደል፣ ወደኋላ ገደል፣ የቆሙበትም እየተናደ። ናሆም ይዛው የመጣችውን ጽሑፍ አልቀደደውም፣ ካዝና ውስጥ ቆለፈው። ሪፖርቱ እንደነበረ ይቀጥል፣ የተሻለ ነገር እስኪገኝ፣ አለ። ኤልዳናም እሺ አለች። እንዴት እሺ ትላለች የሚል ሰው እሷን ከመውቀሱ በፊት ምን እንደሚሻል ይናገር።

ለልጇ ግን ዝም ማለት አልቻለችም። ቅዳሜ ጠዋት ዘነበች ቤት ሄዳ፣ ዘነበች የተማሪዎቿን ደብተር እያረመች ሳለ፣ ሁሉንም ነገረቻት። ሻይ እንኳ እስኪቀርብ አልጠበቀችም። እናቷ እስክትጨርስ ዘነበች እስክሪብቶዋን አላስቀመጠችም።

«ብትበርጂ ሊይዝሽ ይችላል» አለች ኤልዳና። «አምና ከሰባት አንዷ ነበረች። ዘንድሮ ይብሳል።»

«ካልበረድኩስ?»

«አንቺ ትቆያለሽ። የቀረነው የምንቆየውን ያህል።»

«ልጁስ?»

ኤልዳና የደብተሮቹን ጠርዝ አስተካከለች።

«ክፍሌ ውስጥ ሠላሳ ሁለት ልጆች አሉኝ» አለች ዘነበች። «አራቱ ዝምተኞች ናቸው። ጠዋት ጠዋት ስማቸውን እጠራለሁ። አቤት እንደማይሉ አውቃለሁ፤ ደንብ ስለሆነ እጠራለሁ። የኔን ልጅ እንዲህ ስጠራው ልኑር?»

«ሌላም መንገድ አለ፣ ዘኑ። ገና ሁለት ወር ነው። ዛሬ ሐኪም ጋ ብንሄድ…»

«ተይው እሱን።»

«ስለማዝንልሽ እኮ ነው።»

«ታውቂያለሽ አይደል፣ ሌላ ልጅ እንደማይኖረኝ? ከዐሥር ዓመት በኋላ ማንስ ይወልዳል?» ዘነበች እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እማዬ፣ ይሄን ነገር ማን ማን ያውቃል?»

«ናሆምና ፈይሳ። አሁን አንቺ።»

«እዚያ ብርድ ቤት የተኙት ሴቶችስ?»

«አያውቁም።»

«የሰኞ ተራ የደረሳቸውስ? አንቺ ነሽ'ኮ የምትፈርሚላቸው።»

ኤልዳና አንገቷን ደፋች። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ያፈረችበት ቀን የለም፤ ልጇ ግን ከዚያ በላይ አልነካካቻትም። ተነሥታ ከቦርሳዋ የፈቃዱን ወረቀት አወጣችና ደብተሮቹ ላይ ዘረጋችው።

«ፈርሚ» አለች። «አውቄ ነው የምገባው። ከሌሎቹ በዚህ እሻላለሁ።»

ኤልዳና ፈረመች። ፊርማ የለመደ እጅ ነው። በማግስቱ ጡረታዋን ቀድማ ጠየቀች፣ አስታማሚ ሆና ለመግባትም አመለከተች። ልጅ ስትወልድ እናት ሄዳ ታርሳለች፤ ገና ሳትወልድ ልታርስ የሄደች እናት ብትኖር ኤልዳና ናት። ብርድ ቤት የሚገባ ሁሉ፣ አስታማሚውም፣ መብረድ ግዴታው ነው። ፈይሳ ትንሽዋን ኢንኩቤተርና አንድ ካርቶን ሳህን በጨርቅ ጠቅልሎ መኪናው ላይ ጫነላት። ሲሰናበታት «ሰላም ይግቡ» ብቻ አለ፣ ሌላ ምን ይበል።

በጥር መጀመሪያ ሁለቱም ከሰላቸውን አቆሙ። በአምስተኛው ቀን ቴርሞሜትሩ ሠላሳ ሰባት አለ።

መብረድ ምን እንደሚመስል ኤልዳና ረስታው ነበር። ብርድ ቤቱ ረጅም ነጭ አዳራሽ ነው፤ ሃያ ስምንት አልጋ፣ በስተመጨረሻው ጭላሎን የሚያሳይ የማይከፈት መስኮት። በስድስተኛው ቀን ጠዋት ስትነቃ የምታስበው ነገር ጫፉ ድረስ ሄደ። አንድ ሐሳብ ጀምራ ጨረሰችው። ከዚያ ሌላ ጀመረች፣ እሱንም ጨረሰችው። ከቀትር በኋላ ያየችው ሁሉ እውነት ነበር። አጥሚቱ ሲቀርብላት የገብሱን ጣዕም ለብቻው፣ የቅቤውን ለብቻው ለየችው። መጽሐፍ አንሥታ ከዳር እስከ ዳር አነበበች፣ ሃያ ስድስት ዓመት ያላደረገችውን። ሲገባት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ አለቀሰች፤ ከሕዝቡ የወሰደችው ምን እንደሆነ ያወቀችው ገና ያን ጊዜ ነው።

ዘነበች ደግሞ የምትረሳው ነገር አልነበራትም። ሰማንያ ቀኗ ሞልቶ ክርስትና ከተነሣች ጀምሮ በሕይወቷ በርዳ አታውቅም። ኤልዳና እሷን ባረገዘችበት ዘመን ትኩሳቱ ገና ሠላሳ ሰባት ተኩል ስለነበር መብረድ የሚባል ነገር አልነበረም። አልጋው ላይ ተቀምጣ እጆቿን እያገላበጠች ታያለች።

«እማዬ፣ ሰው እንዲህ ነበር እንዴ?»

«እንዲህ ነበር።»

«ሁሉም? ሙሉ ቀን?»

«ሙሉ ቀን።»

ትስቃለች። ሳቋ ረጅም ነው፣ ትንፋሽ የማይቆርጠው። ዘፈን ትዘፍናለች፣ ለአልጋ ጎረቤቶቿ እንቆቅልሽ ታወጣለች፣ ለሮባ በስልክ ትቀልዳለች። ሮባ ባቡሩ ላይ ሆኖ በሠላሳ ስምንት ተኩል አንጎሉ ቀልዱ ከሁለት ደቂቃ በኋላ ነው የሚገባው፤ እሷ ግን ጠብቃው አብራ ትስቃለች። በሃያ አምስት ዓመት እናትነቷ ኤልዳና የልጇን ትክክለኛ ጠባይ ያየችው በእነዚያ ሰባት ሳምንታት ብቻ ነው። ተጫዋች ልጅ ነበረቻት። አላወቀቻትም ነበር።

ኤልዳና በየሳምንቱ ዓርብ የዘነበችን አፍንጫ በጥጥ ትጠርግና ሳህን ላይ ትዘራለች። አሁን መለኪያዋ የዛሬው አውራ አይደለም፣ የብልቃጡ ነው። ሌሎቹ ሴቶች «ዶክተር፣ እናትነት አሳበደዎት» እያሉ ይቀልዱባታል። አብራቸው ትስቃለች። በአምስተኛው ሳምንት ከዘነበች ሦስተኛ አልጋ ላይ የነበረችው የሞጆ ልጅ ጠዋት አልነቃችም። «ልቧ ነው» ተባለ። ሴቶቹ አለቀሱላት፣ አንሶላው ተቀየረ፣ በማግስቱ ሌላ ነፍሰ ጡር ገባችበት። ኤልዳና ያን ቀን ቁርስ አልበላችም፤ ለሴቶቹም አልተናገረችም። መናገር ነበረባት፤ አልተናገረችም።

በሰባተኛው ሳምንት ዓርብ የዘራችው ሳህን፣ እሑድ ጠዋት ነጠብጣብ አወጣ።

በአስታማሚዎቹ ክፍል ጠረጴዛ ላይ አድርጋ አየችው። ነጭ፣ ክብ፣ ጫፋቸው ጸጉር ያለው። የት ብታየው ታውቀዋለች፣ ከልጇ ፊት ቀጥሎ ብዙ ጊዜ ያየችው ነገር ነው። ቆጠረችው። ስንት እንደበቀለ፣ በስንት ሰዓት እንደበቀለ አስልቶ፣ አፍንጫ ላይ ይህን ያህል ያለው ሰው ሳንባው በስንት ጊዜ እንደሚሞላ ከሷ በላይ የሚያውቅ አገሩ ውስጥ የለም። ቀና ስትል ዘነበች በሩ ላይ ቆማለች፣ ጋቢዋን ተከናንባ። የአራት ወር ሆዷ ገና ገፋ ማለት ጀምሯል።

«አሳዪኝ።»

«ምንም…»

«እማዬ፣ አሳዪኝ።»

የእናቷን ፊት ማንበብ ከፊደል በፊት የተማረችው ነው። ኤልዳና ሳህኑን ገፋ አደረገችላት። ዘነበች ጎንበስ ብላ አየችው።

«ይቺ ናት?»

«እሷ ናት።»

«ቆንጆ ትመስላለች።» ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ስንት ጊዜ አለኝ?»

ኤልዳና ልትዋሽ አሰበች። በሠላሳ ስምንት ተኩል ቢሆን ትዋሽ ነበር፣ ራሷም ውሸቱን ታምነው ነበር። እዚህ ግን አእምሮዋ ጥርት ያለ ነው፣ ያ ነው መርገሙ።

«ሁለት ወር» አለች። «ዛሬ ከሰልሽን ብትጀምሪ ግን፣ ዘኑ፣ ይዘገያል። ዓመታት ልትቆዪ…»

«እሱን ጨርሰናል።»

ዘነበች ጣቷን እያጠፈች ቆጠረች። «አራትና ሁለት ስድስት። የስድስት ወር አያድግም።»

«አያድግም።»

«የሰባት ግን ያድጋል ይላሉ።»

«የሰባት ያድጋል። አንቺ ራስሽ በሰባት ነው የተወለድሽው።»

ይህን ስትሰማ ዘነበች ፊቷ በራ። የእናቷን እጅ ጠረጴዛው ላይ ያዘችው። እጇ ቀዝቃዛና ለስላሳ ነበር፣ የጤነኛ ሰው እጅ።

«እማዬ» አለች፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ፣ ለተማሪ እንደሚነገር ቀስ ብላ። «ሃያ ስድስት ዓመት ተሳስተሻል። አንድ ወር ደግሞ ተሳሳቺልኝ።»

«እሺ፣ ልጄ» አለች ኤልዳና። «እሺ።»

ሳህኑን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችው። መነጽሯን አውልቃ ጠረገች፣ መልሳ አጠለቀች። ዘነበች አጠገቧ ተቀምጣ ትጠብቃለች። ኤልዳና ከዳሩ ጀምራ፣ ልትሳሳት ከልቧ እየፈለገች፣ አንድ በአንድ እንደ አዲስ ቆጠረች። ጨርሳ ከመጀመሪያው ጀመረች። ጨርሳ ደግማ ጀመረች።

ሁለት ወር ነበር።